ክፍል ውስጥ የሠራልንን ለባልደረባ እናስተላልፍ፦ የዲጂታል ማስተማሪያ ልምድን ለማካፈል ዝርዝር መመሪያ

መጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮቪድ ወደ አገራችን ሲገባ ዩኒቨርሲቲዎች ትምህርት አቋረጡ። የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ወደየቤታቸው ተሸኙ። የድኅረ ምረቃው ግን በኦንላይን ይቀጥል ተባለ። በዚያ ሰሞን መምህሩ ያልሞከረው ነገር አልነበረም። አንዱ ሌክቸሩን በድምፅ ቀድቶ በቴሌግራም ይልካል። ሌላዋ አሳይመንት በእጅ አስጽፋ በስልክ ፎቶ ትቀበላለች። የሌሊት ፓኬጅ ርካሽ ስለሆነ ፋይሎቹን ማታ ማታ ብቻ የሚለቅ ባልደረባም ነበረኝ።

ክፍሎች ሲከፈቱ ሁላችንም ወደ ሰሌዳችን ተመለስን። ያ ሁሉ ብልሃት በየሰው ስልክ ውስጥ ቀረ። ዛሬ አዲስ የሚቀጠር መምህር ያንኑ ችግር ከዜሮ ጀምሮ ይታገላል። ይህ ነገር ያንገበግበኛል። መሣሪያ አላጣንም፤ ኮርስ በኢንተርኔት የሚሰጥበት ሙድልም ቴሌግራምም አለ። ሥልጠናም አላጣንም፤ ኢ-ሺ በተባለው ፕሮጀክት በኩል ስለ ኦንላይን ማስተማር የሠለጠኑ መምህራን በየትምህርት ክፍሉ አሉ። የጎደለን «እኔ ክፍል ውስጥ ይሄ ሠራ፣ ይሄኛው አልሠራም፣ ምክንያቱም እንዲህ ስለሆነ ነው» የሚል አንድ ገጽ ወረቀት ነው።

እኔ ለመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች ስታቲስቲክስ አስተምራለሁ። ልምዴን ለባልደረቦቼ ለማካፈል መጀመሪያ የሞከርኩት በትምህርት ክፍላችን ስብሰባ ላይ ነበር። 40 ስላይድ አዘጋጅቼ አቀረብኩ። ተጨበጨበ፣ ተመሰገንኩ። በሴሚስተሩ መጨረሻ ስጠይቅ የሞከረው አንድም ሰው አልነበረም። ከዚያ በኋላ አካሄዴን ቀየርኩ። የሚከተለው ያ የተቀየረው አካሄድ ነው።

ደረጃ 1፦ አንድ ትንሽ ነገር ምረጡ

«ሙድል እጠቀማለሁ» ልምድ አይባልም፤ የመሣሪያ ስም ነው። ባልደረባችሁ ሰምቶ «ጎበዝ» ይልና ይሄዳል። የሚካፈለው ነገር ሌላ ሰው በአንድ ሰዓት ተዘጋጅቶ በአንድ ክፍለ ጊዜ ሊሞክረው የሚችል መሆን አለበት።

መለኪያ ልስጣችሁ። የምታካፍሉትን ነገር የመሣሪያውን ስም ሳትጠሩ በአንድ ዓረፍተ ነገር ንገሩኝ። «ተማሪዎቼ ያልገባቸውን ነገር ፈተና ሳይደርስ፣ እዚያው ክፍል ውስጥ የማውቅበት መንገድ።» ይህ ያልፋል። ቴሌግራም የሚለውን ቃል ስታወጡ ዓረፍተ ነገሩ ባዶ ከሆነ ግን ገና አልተገኘም ማለት ነው።

እስከ መጨረሻው አብሮን የሚሄድ ምሳሌ ላንሳ። የኔው ነው፤ ሥሩ ግን የኔ አይደለም። ኤሪክ ማዙር የተባለው የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ መምህር ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ያስፋፋው ዘዴ ነው። መምህሩ ማስላት ሳይሆን መረዳት የሚጠይቅ አንድ ባለምርጫ ጥያቄ ያቀርባል። ተማሪዎች ሳይነጋገሩ ድምፅ ይሰጣሉ። ከዚያ አጠገባቸው ካለው ሰው ጋር ይከራከራሉ። ከክርክሩ በኋላ እንደገና ድምፅ ይሰጣሉ። መልሱ የሚነገረው ከሁለተኛው ድምፅ በኋላ ነው። ለመጀመሪያው ድምፅ መመሪያ አለው። በትክክል የመለሱት ከ30 በመቶ በታች ከሆኑ ርዕሱን እንደገና ማስረዳት ያስፈልጋል፤ የሚከራከሩበት ነገር ገና የላቸውም። ከ70 በመቶ በላይ ከሆኑ አጭር ማብራሪያ ሰጥቶ ማለፍ ነው። ክርክር የሚጠቅመው በመሃል ላሉት ነው።

ደረጃ 2፦ ከማካፈላችሁ በፊት ጥቂት ሳምንት መዝግቡ

ጥናት አድርጉ ማለቴ አይደለም። ከክፍል ስትወጡ በስልካችሁ ሦስት መስመር ጻፉ፦ ምን አደረግኩ፣ ስንት ደቂቃ ፈጀ፣ ምን ተበላሸ። አራት ሳምንት ይበቃል። ደቂቃውን አትዝለሉት። ባልደረባ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ኮርሱን ለመጨረስ ጊዜ አይሻማም ወይ?» ብሎ ነው።

ተማሪዎቹን ስትጠይቁ ደግሞ ያልተሳተፉትን ፈልጉ። የተሳተፈው «ደስ ይላል» ይላችኋል። ያልተሳተፈው ግን ስልኩ አሮጌ እንደሆነ፣ ካርድ እንዳልሞላ፣ ወይም ጓደኛው ስክሪኑን እንዳያይበት እንደፈራ ይነግራችኋል። እኔ ብዙ የተማርኩት በስተኋላ ከሚቀመጡት ነው።

ደረጃ 3፦ አንድ ገጽ ጻፉ

ዋናው ሥራ ይሄ ነው። ከአንድ ገጽ አይብለጥ። አምስት ነገር ይያዝ፦ ችግሩ፣ ሁኔታው፣ አሠራሩ፣ ወጪው፣ ያልሠራው። ብዙ ሰው አሠራሩን ብቻ ጽፎ ይተዋል። ሁኔታውን ካልጻፋችሁ ግን አንባቢው የእናንተን ክፍል ከራሱ ክፍል ጋር ማወዳደር አይችልም። ባለ ዋይፋይ ላብ ውስጥ የሠራ ነገር 120 ሰው በሚታጨቅበት አዳራሽ ላይሠራ ይችላል።

የኔን ገጽ ከሞላ ጎደል እንዳለ ላስነብባችሁ።

ችግሩ፦ «ገባችሁ?» ስል ሁሉም «አዎ» ይላል። ፈተና ላይ ግን አማካይና ሚዲያን (ቁጥሮች በቅደም ተከተል ሲደረደሩ መሃል ላይ የሚውለው) ይደበላለቁባቸዋል።

ሁኔታው፦ 64 ተማሪዎች። ዋይፋይ ክፍሉ ድረስ አይደርስም። አብዛኞቹ ስማርት ስልክ አላቸው፤ የሌላቸውም አሉ። መብራት አንዳንዴ ይጠፋል። የክፍሉ የቴሌግራም ግሩፕ አስቀድሞ አለ።

አሠራሩ፦ ጥያቄውን ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ። «ዘጠኝ ሠራተኞች ባሉበት ድርጅት ከሁሉም በላይ የሚከፈለው ሥራ አስኪያጁ ነው። ደመወዙ ከ20,000 ወደ 60,000 ብር አደገ። የሌሎቹ አልተነካም። የሚለወጠው የቱ ነው? ሀ. አማካዩ ብቻ፣ ለ. ሚዲያኑ ብቻ፣ ሐ. ሁለቱም፣ መ. አንዳቸውም አይለወጡም።» ሁለት ደቂቃ በዝምታ ያስባሉ። ግሩፑ ውስጥ ፖል (የድምፅ መስጫ) ከፍቼ አንድ ደቂቃ ድምፅ ይሰጣሉ። ሦስት ደቂቃ ይከራከራሉ። እኔ በመሃላቸው እየዞርኩ እሰማለሁ፤ አልመልስም። ሁለተኛ ፖል እከፍታለሁ። ከዚያ አብረን እንፈታዋለን፤ 40,000 ለዘጠኝ ሲካፈል አማካዩ በ4,444 ብር ገደማ ከፍ ይላል፣ አምስተኛው ሰው ግን ያው አምስተኛው ሰው ስለሆነ ሚዲያኑ ንቅንቅ አይልም። ጠቅላላ 12 ደቂቃ።

ወጪው፦ ጥያቄ ለማዘጋጀት 30 ደቂቃ። ፖል ጽሑፍ ብቻ ስለሆነ የሚበላው ዳታ ከቁጥር አይገባም።

ያልሠራው፦ መጀመሪያ የቴሌግራሙን ኩዊዝ ሞድ ተጠቀምኩ። ተማሪው ድምፅ እንደሰጠ ትክክለኛው መልስ ብቅ ስለሚል ክርክሩ ሞተ። ተራውን ፖል፣ ስም የማያሳየውን ምረጡ። እሱም ቢሆን ድምፅ የሰጠ ሰው ውጤቱን ወዲያው ያያል። ስለዚህ «ሳልል ማንም እንዳይነካ» ብዬ ሁሉም በአንድ ጊዜ እንዲጫኑ አደርጋለሁ። ለሁለተኛው ዙር ደግሞ የድሮውን ፖል አታስቀይሩ፤ አዲስ ክፈቱ። አለበለዚያ የመጀመሪያውን ውጤት ታጡታላችሁ። ስልክ የሌለው ተማሪ ከጎረቤቱ ጋር ድምፅ እንዲሰጥ አድርጌ ነበር፤ የራሱ ድምፅ ስለጠፋ አልወደድኩትም።

ገጹ ይሄው ነው። «ያልሠራው» የሚለው ክፍል ከአሠራሩ ቀጥሎ ረጅሙ እንደሆነ አስተውሉ። ባልደረባችሁን ከሁለት ሳምንት ድካም የሚያድነው እሱ ነው። ብዙዎቻችን ይህን ክፍል ለመጻፍ እናፍራለን። የሠራውን ብቻ ካሳየን ግን ሌላው ሰው ሲሞክር የመጀመሪያዋ እንቅፋት ላይ «ለኔ አልሆነልኝም» ብሎ ይተወዋል።

ደረጃ 4፦ ፋይሎቹን አቅልሉ፣ የሚስተካከሉም አድርጓቸው

ከገጹ ጋር ፋይል የሚሄድ ከሆነ ክብደቱን አስሉ። ለንግግር የሚበቃ ድምፅ በሰከንድ 32 ኪሎቢት ሲቀዳ አሥር ደቂቃው 2.4 ሜጋባይት ነው። አሥር ደቂቃ ቪዲዮ በሰከንድ አንድ ሜጋቢት ቢሆን 75 ሜጋባይት ይመጣል። ልዩነቱ ከሠላሳ እጥፍ በላይ ነው። ፊታችሁን ማሳየት ካላስፈለገ ጥቂት ስላይድ በፒዲኤፍና ድምፅ መላክ ይበቃል። ቪዲዮ የግድ ከሆነ አሳጥሩት። በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ኤዴክስ በተባለው የኦንላይን ትምህርት መድረክ ላይ 6.9 ሚሊዮን የቪዲዮ ዕይታዎችን መርምሮ፣ ተማሪዎችን በደንብ የሚይዙት ከስድስት ደቂቃ ያነሱት እንደሆኑ አግኝቷል። የአንድ ሰዓት ሌክቸር ቀድቶ መልቀቅ ለመምህሩ ቀላል ነው፤ ለተማሪው ከባድ ነው።

ፒዲኤፍ ብቻ አትስጡ። ባልደረባችሁ ምሳሌውን ወደ ራሱ ትምህርት መቀየር አለበት፤ ስለዚህ ዋናውን ዶክመንት አብራችሁ ላኩ። አማርኛ ካለበት በዩኒኮድ ይጻፍ፤ ፎንቱ ኒያላ ወይም አቢሲኒካ ይሁን። በድሮው ፓወር ግዕዝ የተጻፈ ሃንድአውት ፎንቱ በሌለበት ስልክ ላይ ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ሆኖ ይመጣል።

የሙድል ጥያቄዎችን ስክሪንሾት አንስታችሁ አትላኩ። ከጥያቄ ባንኩ በኤክስኤምኤል ኤክስፖርት አድርጉት፤ ተቀባዩ በአንድ ጊዜ ወደ ራሱ ኮርስ ያስገባዋል። ሙሉ ኮርስ ከሆነ ባክአፕ አለ። ባክአፕ ስትወስዱ ግን የተመዘገቡ ተጠቃሚዎችን ያካትት የሚለው ሳጥን ላይ ያለውን ምልክት አጥፉ። አለዚያ የተማሪዎቻችሁን ስምና ውጤት አሽጋችሁ ለሌላ ሰው እየሰጣችሁ ነው።

ደረጃ 5፦ የሰውን መብት ጠብቁ

ስለ ተማሪ መረጃ ካነሳን፣ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። አዋጅ ባይኖርም ደግሞ የተማሪ ውጤት የተማሪው ነው። በስክሪንሾት ላይ ያለ ስም፣ መታወቂያ ቁጥርና የፕሮፋይል ፎቶ ሸፍኑ። የክፍል ቪዲዮ ከሆነ አስቀድማችሁ ፈቃድ ጠይቁ፤ «አይሆንም» ያለ ተማሪ ካሜራ በማይደርስበት ይቀመጥ።

ከመጽሐፍ የወሰዳችሁትን ሥዕል ምንጩን ጻፉ። ሙሉ መጽሐፍ ስካን አድርጎ በቴሌግራም መበተን ግን ልምድ ማካፈል አይደለም፤ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ያለው ለዚህ ነው። በራሳችሁ ሥራ ግርጌ ላይ ደግሞ ሌላው ምን ማድረግ እንደሚችል ጻፉ። ክሪኤቲቭ ኮመንስ ባይ የሚባለው ፈቃድ «ስሜን ጥቀስ እንጂ እንደፈለግክ ተጠቀምበት፣ ቀይረውም» ማለት ነው። ለማስተማሪያ ጽሑፍ ይህን እመርጣለሁ።

ደረጃ 6፦ ገለጻ ሳይሆን ልምምድ አድርጉት

ባልደረቦቻችሁን ተማሪ አድርጋችሁ አስቀምጡ። እኔ ሁለተኛ ስሞክር ስላይድ አልያዝኩም። ሐሙስ ከሰዓት፣ ቡና እየተጠጣ፣ ሰባት ሰዎች ነበርን። «ስልካችሁን አውጡ» አልኩና ያንኑ የደመወዝ ጥያቄ ሰጠኋቸው። በመጀመሪያው ዙር ድምፃቸው ተከፋፈለ። መምህራን ናቸው፤ ብዙዎቹ ግን ከስታቲስቲክስ ውጭ ያሉ ነበሩ። ሲከራከሩ ክፍሉ ተናጋ። አንድ የታሪክ መምህር «ይሄ ስሜት ነው ተማሪዎቼ ላይ የጠፋብኝ» አለ። 40 ስላይድ ያላደረገውን 12 ደቂቃ አደረገው።

40 ደቂቃ ያዙለት፤ 15ቱ ልምምድ፣ ቀሪው ጥያቄ። ሰው ከአሥር ባይበልጥ ይሻላል። ቦታና ሰዓት ከቸገራችሁ መምህራን ስለ ማስተማር ዘዴ የሚሠለጥኑበት የሃየር ዲፕሎማ ፕሮግራም ምቹ ነው። ከተለያየ ትምህርት ክፍል የመጡ መምህራን ስለ ማስተማር ብቻ ለመነጋገር አንድ ክፍል ውስጥ የሚቀመጡበት ሌላ አጋጣሚ እምብዛም የለንም። አስተባባሪውን አንድ ክፍለ ጊዜ ለምኑት።

ከመለያየታችሁ በፊት «ማን ይሞክራል?» ብላችሁ አትጠይቁ። ሁሉም እጁን ያወጣል። «የትኛው ኮርስ ላይ፣ በየትኛው ቀን?» በሉ።

ደረጃ 7፦ ከሌላ ትምህርት ክፍል አንድ ሰው ይሞክረውና ገጹን ያርመው

ከራሳችሁ ትምህርት ክፍል የሆነ ሰው ክፍተቱን ሳያስተውል በልምድ ይሞላዋል። የሌላ ትምህርት ክፍል ሰው ግን ያልጻፋችሁትን ያጋልጣል። የኔን ገጽ የወሰደችው የኬሚስትሪ መምህርት ናት። ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሞክረው ክፍሏ ገብቼ ከኋላ ተቀመጥኩ። ይህን አድርጉ። አስተያየት ለመስጠት አይደለም፤ ነገሩ ሲበላሽ ብቻዋን እንዳትሆን ነው።

ተበላሸም። የዚያን ቀን ኔትወርክ አልነበረም። ፖሉ ለግማሹ ተማሪ አልደረሰም። እኔ ብሆን ወደ ሌክቸሬ እመለስ ነበር። እሷ ግን «ወረቀት አውጡ» አለች። አንድ ኤ ፎር ወረቀት ለአራት እንዲያጥፉ አደረገች። በእያንዳንዱ ሩብ ላይ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ብለው በትልቁ ጻፉ። ሦስት ስትቆጥር መልሳቸውን ወደ ፊት አዙረው ደረታቸው ላይ ያዙ። ደረት ላይ ስለሆነ የጎን ሰው አያይም። እሷ ግን ክፍሉን በአንድ ዓይን ታየዋለች። ስልክ የሌለውም ተማሪ የራሱ ድምፅ ነበረው። እኔ ሙሉ ሴሚስተር ያልፈታሁትን እሷ በሁለት ደቂቃ ፈታችው።

ዲጂታል ያልሆነ ነገር የዲጂታል መመሪያ ውስጥ ምን ይሠራል የሚል ካለ፣ ደረጃ 1 ላይ የመሣሪያውን ስም አውጡ ያልኩት ለዚህ ነበር። አሁን እኔም ወረቀቱንና ስልኩን አብሬ እጠቀማለሁ። በወረቀቱ ድምፅ ይሰጣሉ፤ ውጤቱን ፎቶ አነሳና፣ ፊት ሳይታይ፣ ቁጥሩን ብቻ ግሩፑ ላይ እጽፋለሁ። ፖሉን ለቤት ሥራ ጥያቄ አስቀረሁት።

ሞካሪው ከጨረሰ በኋላ ገጹን ክፈቱለትና በራሱ እጅ ያርመው። ስሙም ከስማችሁ ጎን ይግባ። ሰው ስሙ ያለበትን ነገር ለሌላ ሰው ያሳያል።

ደረጃ 8፦ ገጹ የሚኖርበት ቤት ስጡት

የቴሌግራም ግሩፕ ቤት አይደለም። ዛሬ የለጠፋችሁት በሳምንቱ በሰርግ ጥሪና በስብሰባ ማስታወቂያ ይቀበራል። ዩኒቨርሲቲያችሁ ሙድል ካለው የአይሲቲ ክፍሉን መምህራን ብቻ የሚመዘገቡበት አንድ ኮርስ እንዲከፍትላችሁ ጠይቁ። በየገጹ አንድ ርዕስ ይሁን። ቴሌግራሙን ለማስታወቂያ ብቻ ተጠቀሙበት፤ ማውጫውን ፒን አድርጉ። ከግቢያችሁ ውጭም እንዲደርስ ከፈለጋችሁ፣ የኢትዮጵያ የትምህርትና ምርምር ኔትወርክ የሆነው ኤተርኔት ናድሬ የተባለ አገር አቀፍ የዲጂታል ማከማቻ አለው። ኔትወርክ ለማይደርሰው ባልደረባ ደግሞ ፍላሽና ያለ ኢንተርኔት ከስልክ ወደ ስልክ ፋይል የሚያስተላልፈው ዜንደር አሁንም ይሠራሉ፤ አትናቋቸው።

የፋይሉ ስም ሲነበብ ይዘቱ ይታወቅ፦ «ሁለት ጊዜ ድምፅ መስጠት፣ ትልልቅ ክፍል፣ 2017»። «የመጨረሻ፣ አዲስ፣ የታረመ 2» አትበሉት። ዓመቱ የኢትዮጵያ ይሁን የአውሮፓ አስቀድማችሁ ተስማሙ፤ እኛ ጋ አንድ ገጽ በዚህ ምክንያት ብቻ ለሰባት ዓመት ያረጀ መስሎ ሳይከፈት ቀርቶ ነበር።

ለእያንዳንዱ ገጽ አንድ ኃላፊ መድቡ። ሥራው በዓመት አንድ ጊዜ ገጹን ከፍቶ አሁንም ይሠራ እንደሆነ ማየት ነው። አፕሊኬሽኖች ይቀየራሉ፣ የፓኬጅ ዋጋም ይቀየራል። እኛ ይህን የምናደርገው በጳጉሜን ነው። ግቢው ጸጥ ይላል፣ የሚያጣድፍ የለም። ባለፈው ጳጉሜን 11 ገጾች ነበሩን። ሦስቱን ማንም ስላልሞከራቸው አወጣናቸው። አንዱን፣ የድምፅ ሌክቸሩን፣ አዲስ የተቀጠረ መምህር እንደገና ጻፈው። የኔው ገጽ ላይ ደግሞ የኬሚስትሪዋ መምህርት «ያልሠራው» ከሚለው ሥር አዲስ መስመር ጨምራ አገኘሁ፦ «ወረቀቱ ሲታጠፍ ፊደሎቹ ወደ ውጭ መሆናቸውን አረጋግጡ።»